ሳንቲም እንዳትጭኑበት

አዴ ጫልቱ ማረፏን የሰማሁት ሰበታ፣ ልጄ ቤት ሆኜ የሰው ቀሚስ እየተኮስኩ ሳለ ነው። ካውያውን ነቀልኩና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቡራዩ ገባሁ። አልቅሼ ቀበርኳት። ከቀብር መልስ ግን እንባዬን ቀጥ ያደረገ ነገር ሰማሁ። የዕድሩ ጸሐፊ ድንኳኑ መሐል ቆሞ፣ «ቂም የማታውቅ፣ ለሁሉም ይቅር ባይ እናት ነበረች» ብሎ አነበበ። ሰዉም አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ተነስቼ «ውሸት ነው!» ልል ምንም አልቀረኝም፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ጭኔን ይዛ አስቀረችኝ።

ጫልቱ ቂም ታውቅ ነበር። እንዲያውም ከእሷ የበለጠ ቂም የምታውቅ ሴት አላየሁም። ሥጋ ሻጩ ሚዛን ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ አንድ ቀን አየችው፤ ከዚያ ወዲያ በሱቁ በር ባለፈች ቁጥር፣ ፀሐይም ዝናብም ሳይኖር፣ ፊቱን ላለማየት ጃንጥላዋን በሱ በኩል ዘርግታ ነበር የምታልፈው። የንስሐ አባቷ «ጫልቱ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው» ሲሏት፣ «አባቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ቂሜን በር ላይ አስቀምጬ ነው የምገባው» አለቻቸው። «ስትወጪስ?» ቢሏት «ስወጣማ ለማን ትቼው እሄዳለሁ?» አለች። እኚያ ቄስ ሳቃቸውን ለመደበቅ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ የምወዳት ይህችን ጫልቱ ነው። ሞተች ተብሎ መልአክ ስትደረግብኝ ዝም ብዬ አላይም።

ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችን። በስተቀኝ የኔ የስፌት መኪና፣ በስተግራ የሷ ጠረጴዛ። የሸክላ ማጫወቻ ታድስ ነበር። ሙያውን የተማረችው ከታላቅ ወንድሟ ከተሾመ ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ ሬዲዮና ቴፕ ስትጠግን ቆየችና፣ ሸክላ መልሶ ፋሽን ሲሆን ከአዲስ አበባም ከለገጣፎም መኪና ይዘው ይፈልጓት ጀመር። በዕድሜ በብዙ ትበልጠኛለች፤ ነገር ግን አንቱ ስላት «ገና አልሞትኩም፣ ቆይ» ስለምትለኝ አንቺ እያልኳት ኖርኩ።

ሥራዋን ስትሠራ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ማጫወቻው ላይ መርፌዋን ተሸክሞ በሸክላው ላይ የሚሄደው ቀጭን ብረት ክንድ ይባላል። ጫፉ ላይ የምትገጠመው፣ መርፌዋን የያዘችው ትንሽ ነገር ደግሞ ካርትሪጅ ናት። ጫልቱ ክንዱን ነቅላ መዳፏ ላይ ታስቀምጥና ክብደቱን ለማወቅ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። ከዚያ ካርትሪጇን አንስታ መርፌዋን በትንሿ ጣቷ ጫፍ እንደመንካት ታደርጋለች፤ ለስላሳ ትሁን ደረቅ በዚያ ትለያለች። ሁለቱ ካልተስማሙ ፊቷ ይጠቁራል።

አንድ ጊዜ ሁለት የለገጣፎ ልጆች አዲስ ካርትሪጅ ይዘው መጡ።

«ማዘር፣ ይቺ አሪፍ ናት፤ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም አንደኛ ነው የሚላት» አላት አንደኛው።

«ለየትኛው ክንድ ነው አንደኛ?» አለችው።

ልጁ ጓደኛውን አየ።

«ስማኝ። ክንዱ ከከበደ መርፌዋ ጠንከር ያለች ትሁን፤ ክንዱ ከቀለለ ለስላሳ ትሁን። ከባድ ክንድ ለለስላሳ መርፌ ከሰጠሃት መሸከም ያቅታታል። ሸክላው ትንሽ ጎበጥ ካለማ በቃ፣ ትዘላለች። ስትዘልብህ ምን ታደርጋለህ?»

«ሳንቲም ጣል አደርግበታለኋ! ፋዘር እንደዛ ነው የሚያደርገው።»

«ያ ዋቃ!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። «መርፌዋ ወደ ውስጥ ትገባና የካርትሪጇ ሆድ ሸክላው ላይ ይተኛል። ከዚያ እርሻ ነው። ታርሰዋለህ።»

አገራችን ሸክላ ማጫወቻ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ሳንቲም ያውቀዋል። መርፌዋ ስትዘል አባትየው ኪሱን ይፈትሽና አንድ ሳንቲም ክንዱ ጫፍ ላይ ያስቀምጣል፤ ዘፈኑ ይቀጥላል፣ ሁሉም ይደሰታል። በሳንቲም ፈንታ ጠጠር በፕላስተር ያሰሩም አይቻለሁ። ጫልቱ በዚህ ምክንያት ስንት ሸክላ እንደጠፋ ስታስብ ትታመም ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ማጫወቻ አድሳ ስታስረክብ፣ ሰውየው ሚኒስትርም ይሁን ሊስትሮ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች «ሳንቲም እንዳትጭኑበት» ትላለች። ደጃፍ ከደረሱ በኋላ ጠርታ ደግሞ ትነግራቸዋለች። ሳትናገር ያስረከበችው ማጫወቻ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ብቻ ነው። የምነግራችሁም የሱን ነገር ነው።

ተሾመ በወጣትነቱ አንድ ሸክላ አስቀርጾ ነበር፣ በኦሮምኛ። ኦርጋኑን የመታለት የልብ ጓደኛው ሰይፈ ነው። ዘፈኑ ስለ እናታቸው ስለነበር ተሾመ እናቱን ይዟቸው ወደ ቀረጻው ሄደ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ እናትየው ደስታው ቢያሸንፋቸው ሳይነገራቸው እልል አሉ። ያ እልልታ ሸክላው ላይ ቀረ። እናትየው ፎቶግራፍ እንኳን ተነስተው አያውቁም፤ ከሳቸው የቀረው ያ ድምፅ ብቻ ነው። ሸክላዎቹ የተቀመጡበት መጋዘን በጎርፍ ተበላሽቶ፣ ጫልቱ የምታውቀው የተረፈ አንድ ሸክላ ቤታቸው ያለው ነበር።

ተሾመ ታሞ ሲሞት፣ ገና ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ሰይፈ ዓይኑ በለቅሶ እንደቀላ መጥቶ «ቴፕ ላይ ልገልብጠውና እመልስላችኋለሁ» አለ። ጫልቱ በእጇ አውጥታ ሰጠችው። ሰጠችው እንግዲህ! ሸክላው አልተመለሰም። ብትጠይቀው ዛሬ ነገ አላት። ሽማግሌ ብትልክበት «ኦርጋኑን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ሸክላው የኔ ነው። ሴት ምን ታደርገዋለች?» ብሎ መለሳቸው። ሽማግሌዎቹም ተመልሰው «ለአንድ ሸክላ ብላችሁ አትጣሉ» አሏት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጫልቱ የሰይፈን ስም አትጠራም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ዓመታት አለፉ፤ እሱ ሀብታም ሆነ፣ እሷም ቂሟ እንደ አዲስ ነው።

ታዲያ አንድ የክረምት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደጃፋችን ላይ አንድ ትልቅ መኪና ቆመ። ሾፌሩ ትልቅ ሸክላ ማጫወቻ ተሸክሞ ገባ፤ ከኋላው ሰይፈ ራሱ። ፀጉሩ ነጭ፣ ካፖርቱ ጥቁር፣ ፈገግታው እስከ ጆሮው።

«አካም ጅርታ ጫልቱ? ፈያ?» አላት።

«ደህና ነኝ» አለችው በአማርኛ። በናቷ ቋንቋ እንዳልመለሰችለት አስተዋልኩ።

እንደ ዘመድ ያወራ ጀመር። ሱሉልታ ላይ ትልቅ ቤት ከፍቷል፤ ምግብ አለ፣ መጠጥ አለ፣ የድሮ ሙዚቃ አለ። ማጫወቻውን ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዕቃ ላይ ነው ያገኘው። ካርትሪጇን ልጁ ከጣልያን ላከችለት። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚችል እሷ ብቻ እንደሆነች ሁሉም ነገረው። እሁድ ምርቃት ነው፤ አንድ ሸክላ ሰብሳቢ ፈረንጅ ይመጣል፣ «የኛን ሸክላ» ሰምቶ ወደ አገሩ ይዞት ሊሄድ።

«የኛን?» አለች ጫልቱ።

«የተሾመንና የኔን። ሰውየው ንጹሕ ሸክላ ካልሆነ አይነካም። የኔ ደግሞ አንድ ጭረት የለውም፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ መትቶት ትንሽ ጎበጥ ከማለቱ በቀር። እንዲያውም ነይና ለመጨረሻ ጊዜ ስሚው።»

እንዲህ አላት። የገዛ ወንድሟን ድምፅ፣ የገዛ እናቷን እልልታ፣ ነይና ለመጨረሻ ጊዜ ስሚው። መቀስ በእጄ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ጫልቱ ክንዱን ነቅላ መዳፏ ላይ አስተኛችው። ዓይኗን ጨፈነች። ካርትሪጇን ነካች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«እነዚህ አይስማሙም። ክንዱ ከባድ ነው፤ መርፌዋ በጣም ለስላሳ ናት። የጎበጠ ሸክላ ላይ ትዘልብሃለች። ጠንካራ መርፌ አለኝ፣ እሱን ልግጠምልህ።»

ሰይፈ ሳቀ። ወደ ሾፌሩ ዞሮ ጭምር ሳቀ።

«አይ ጫልቱ! ያ ቂምሽ እስካሁን አለቀቀሽም? ምርቃቴን ልታበላሺ ነው? ልጄ ከጣልያን የላከችውን ጥዬ ያንቺን አሮጌ? የነገርኩሽን ግጠሚ።»

«እንዳልክ» አለች።

በነጋታው ቀኑን ሙሉ ሠራች። አላበላሸችም፤ በመስቀል ልምልላችሁ እችላለሁ። እያንዳንዷን ብሎን በልኳ አጠበቀች፣ ሚዛኑን አስተካከለች፣ የሽቦዎቹን ጫፍ እንደገና በየደች። የማይስማሙትን ሁለቱን በሥርዓት ዳረቻቸው። ሾፌሩ ሊወስድ ሲመጣ በጨርቅ አልብሳ አስረከበችው። እጇን ጠረገች። እኔ ስፌቴን አቁሜ ያችን ዓረፍተ ነገር ጠበቅሁ። ሾፌሩ ተሸክሞ ወጣ። ደጃፍ ደረሰ። መኪናው ተነሳ። ጫልቱ ጨርቁን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«አልነገርሽውም» አልኳት።

«አንዴ ነገርኩት።»

«የሳንቲሙን ማለቴ ነው።»

«እሱን ለደንበኛ ነው የምናገረው።»

«ጫልቱ፣ የተሾመ ድምፅ እኮ ነው የሚታረሰው!»

የቀዘቀዘ ሻይዋን ጨለጠች። በኋላ፣ «ንጹሕ እንደሆነ ፈረንጁ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ዳግመኛ አላየውም» አለች። «ከተጫረ ግን ማንም አይፈልገውም። የማይፈለግ ነገር የኔ ነው፣ ሰኒ። ቆስሎም ቢሆን ቤቱ ይግባልኝ።»

እሁድ በሚኒባስ አዲሱ ገበያ ደርሰን፣ ሌላ ይዘን ሱሉልታ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሰይፈ ቤት ባሕር ዛፍ ከቦታል፤ ውስጡ በሰው ተሞልቷል። ከኋላ ወንበር ሰጡን። ሰይፈ ተነስቶ ንግግር አደረገ፤ ስለ ወጣትነቱ፣ ስለ ኦርጋኑ። የተሾመን ስም አንድ ጊዜ እንደ ቅመም ጣል አደረገው። ፈረንጁ ከፊት ተቀምጦ ያስተረጉማል። ከዚያ ሰይፈ ሸክላውን በሁለት እጁ አስቀመጠና መርፌዋን አወረደ።

መጀመሪያ ኦርጋኑ ገባ። ቀጥሎ ተሾመ። እኔ በሕይወቱ አላውቀውም፤ ድምፁን ስሰማ ግን የጫልቱ ወንድም መሆኑ ገባኝ፣ እሷ ስትናደድ ቃሏን የምታረግጥበት አረጋገጥ አለው። ጫልቱ እጄን ያዘች። ወዲያው ክንዱ ወደ ላይ ወደ ታች ይል ጀመር፤ ጉብታው ላይ በወጣ ቁጥር እየባሰበት ሄደ፤ አንድ ጊዜ ዘለለ። ደግሞ ዘለለ። ከኋላችን አንድ ሰው ሳቀ። የሰይፈ ጆሮ ቀላ። ወደኛ ዞሮ ጫልቱን ፈለጋት፤ እሷ ለስላሳ መጠጧን በቀስታ ትጠጣለች።

ያን ጊዜ ኪሱን ፈተሸ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሳንቲሟን አወጣ፣ እንደ አባቱ፣ እንደ ሁላችንም አባት፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። ክንዱ ረጋ። ሰው አጨበጨበ። ሰይፈ ትንፋሹን አውጥቶ ፈገግ አለ።

ጭብጨባው ሲያባራ ነው የተሰማው። መጀመሪያ እሸሸሸ የሚል ነገር፤ ቀጥሎ አሸዋ በቆርቆሮ ላይ እንደሚጎተት። የካርትሪጇ ሆድ ሸክላው ላይ ተኝቷል። ተሾመ ከዚያ ሥር ሆኖ ይዘፍናል። ሰይፈ የብዙ ዓመት ሙዚቀኛ ነኝ ባይ፣ ሸክላው አርጅቶ ነው ብሎ ነው መሰል ድምፁን ጨመረው። የጫልቱ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ገባ። ፊቷን አየሁት፤ ልጇን ጥርስ ሲነቅሉላት ይዛ እንደምትቆም እናት ነበረች። «እንሂድ» አልኳት። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ድንገት ብድግ አለች። ሰው እየገፋች በወንበሮቹ መሐል አለፈች፤ ሰይፈ ከመናገሩ በፊት በአንድ ጣቷ ክንዱን ብድግ አደረገችው። እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የናቷ እልልታ ነው። የወንድሟን አሳልፋ ሰጠች፣ የናቷን አልሰጠችም።

ፈረንጁ ተነስቶ ሸክላውን ወደ መብራቱ አዞረው። ላዩ ላይ የተሰመረው ነጭ ጭረት እኔ ከተቀመጥኩበት ይታያል። አንገቱን ነቅንቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ወዲያውም ካፖርቱን ጠየቀ።

«አንቺ ነሽ!» ብሎ ጮኸ ሰይፈ። «ተንኮለኛ! ሆን ብለሽ ነው!»

«አይስማሙም አልኩህ» አለችው፣ ሁሉም እንዲሰማ ረጋ ብላ። «የነገርኩሽን ግጠሚ አልከኝ፣ ገጠምኩ። ሳንቲሙን ግን የጫነው የማን እጅ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳንቲሟን አየ። ገና ክንዱ ላይ ነበረች። ሰይፈ ሸክላውን አንስቶ ደረቷ ላይ ወረወረላት።

«እንቺ! ውሰጂው! አሁን ምን ያደርግልኛል!»

በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገችው። «ገለቶሚ» ብላ አመሰገነችው። ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በናቷ ቋንቋ አናገረችው፤ ወጣን።

ቤቷ ውስጥ ተሾመ ራሱ ይጠቀምበት የነበረ ማጫወቻ አለ፤ ክንዱ እንደ ሰንበሌጥ የቀለለ፣ መርፌዋም ለሱ የተመረጠች ለስላሳ። ሸክላውን አስቀመጠችበት። ጉብታው ላይ ስትወጣ ክንዱ አብሯት ወጣ፣ ስትወርድ አብሯት ወረደ፤ አንድ ጊዜም አልዘለለች። ተሾመ ግን ተቀዶ ነበር። አንዳንዱ ቃል አለ፣ አንዳንዱ የለም። ጫልቱ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ «ወንድሜ፣ ማረኝ» እያለች። ከዚያ ጭረቱ አበቃና ከእልልታው በፊት ያለው ዝምታ መጣ፤ ቀጥሎ እናትየው ሙሉ ድምፃቸውን ይዘው ገቡ። «ሀርሜኮ፣ እናቴ» አለች። እኔ ተነስቼ ወጣሁ፤ እንግዳ ሰው የሚቀመጥበት ሰዓት አልነበረም።

ይህ ከሆነ በኋላ ሰይፈን ሕመም ጣለው። ዳነ፤ ቀኝ እጁ ግን ደርቆ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌ የላከው፣ በኦቦ ለሜሳ የሚመሩ የተከበሩ ሰዎች። ራሱም እግሩን እየጎተተ አብሯቸው መጣ። ሽማግሌ በር ላይ አይመለስም፤ አስገባቻቸው፣ ወንበር አወጣችላቸው፣ እኔም ጠላ ቀዳሁ። ሰይፈ በደሉን አንድ በአንድ ተናገረ። ሸክላውን ከለቅሶ ቤት መውሰዱን፣ መዋሸቱን፣ ሴት ምን ታደርገዋለች ማለቱን። ድንጋይ ባይሸከምም አንገቱ የተሸከመ ይመስል ነበር።

«ጫልቱ ልጄ» አሉ ኦቦ ለሜሳ፣ «ሰው ነው፣ በደለ። ዛሬ መጥቶ ወድቋል። ስለ ፈጣሪ ብለሽ።»

ጫልቱ ነጠላዋን አስተካከለች። «ይቅር ብያለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ ተነስተው መረቁ፤ ጉልበት ተሳሙ፣ ጠላው ተጠጣ። ሁሉም ነገር በሥርዓት አለቀ። የዕድሩ ጸሐፊ ይቅር ባይ ያላት ከዚህ ተነስቶ መሆን አለበት፤ እሱም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። ግን ቶሎ ወጥቶ ስለሄደ ቀጥሎ የሆነውን አልሰማም።

ሰይፈ ለመሄድ ተነስቶ፣ ደህና በሆነው እጁ የደረቀውን ይዞ፣ «ጫልቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሰሚኝ» አላት። «ኦርጋን መምታቴን የሚነግረኝ ሌላ ነገር የለኝም። ጣቴ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ልስማውና ልሙት።»

አዘንኩለት ብዬ አልዋሽም። ኦቦ ለሜሳ ግን አዝነው ጫልቱን ተመለከቷት።

«ይቅርታ ጠየቅህ፣ ይቅር አልኩህ» አለችው። «በእግዚአብሔርና በሽማግሌ ፊት ነው ያልኩት፣ አልመለስበትም። ሸክላውን መስማት ግን ይቅርታው ውስጥ አልነበረም።»

ኦቦ ለሜሳ ዘንጋቸውን ይዘው ተነሱ። ሰይፈ ቆሞ ቆሞ ወጣ። የሚወስደው መኪና እስኪመጣ አጥሩ ሥር፣ ከመስኮቷ ፊት ለፊት፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም አየነው።

ጫልቱ ሸክላውን ከነጠላው ፈታ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠችው። አቧራውን ጠረገችለት። ክንዱን አነሳችና ሸክላው ላይ ከማውረዷ በፊት ቆም አለች።

«ሰኒ፣ መስኮቱን ዝጊው» አለችኝ።

ሄጄ ዘጋሁት።